እርጥበት የያዘውንና የተወላገደውን የሰርቪስ ቤት ወለል ማደስ

በጎጃም ከተሞችም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ቤት ብዙውን ጊዜ እህል፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ ዕቃና የከብት መኖ አንድ ላይ የሚከማቹበት ነው። ወለሉ ግን ከዋናው ቤት በተረፈ ሲሚንቶ፣ በችኮላና ያለ በቂ የድንጋይ ንጣፍ ስለሚፈስ፣ ጥቂት ክረምት ካሳለፈ በኋላ በአንድ በኩል ይሰምጣል፣ በሌላ በኩል ይሰነጠቃል፣ ከሐምሌ ጀምሮም ላዩ ወዝቶ ይታያል። በዚህ ጊዜ የተለመደው እርምጃ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቶ በላዩ ላይ ሊሾ መምታት ነው። ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ሲሚንቶ በራሱ ውሃን አያግድም፤ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እርጥበትን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ በእርጥብ ወለል ላይ የተመታው ሊሾ በቀጣዩ ክረምት እንደ አሮጌው ይረጥባል፣ ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ጋር በደንብ ስላልተያያዘም ቅርፊቱ እየተነሣ ይሰባበራል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው 4 ሜትር በ5 ሜትር ስፋት ያለውን፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ ክፍል ቤት በምሳሌነት በመውሰድ ነው። ስፋቱ ለሚለይ ቤት ሒሳቡን በዚያው ልክ ማሳነስ ወይም ማሳደግ ይቻላል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት

ወለሉ የሚጠገነው በበጋ ቢሆንም ምርመራው የክረምት ሥራ ነው። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሚወርድ፣ በየካቲት ደርቆ የተገኘ ወለል ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ወለሉን ለማደስ ያሰበ ሰው በሐምሌና በነሐሴ የረጠበውን ቦታ ዙሪያውን በከሰል ወይም በጠመኔ አስምሮ፣ ቀኑንም አጠገቡ ጽፎ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በስንት ቀን እንደሚደርቅ ይከታተል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ሰዓታት በግድግዳው ሥር ብቻ የሚታይና ፈጥኖ የሚደርቅ እርጥበት ከጣሪያ ወይም ከግቢ የሚገባ ውሃ ምልክት ነው። ዝናቡ ካቆመ ሳምንት አልፎት እንኳ የወለሉ መሀል የማይደርቅ ከሆነ ግን ውሃው ከሥር፣ ከአፈሩ እየተሳበ የሚወጣ ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ቆርጠው በተጠረገው ወለል ላይ ያንጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አየር እንዳያስገባ አድርገው ያሽጉና ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ቀን ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ጠብታው በላስቲኩ የታችኛው ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ከተገኘና ላስቲኩ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮ ከታየ፣ እርጥበቱ ከመሬት የመጣ ነው። ላስቲኩ ከላይ ረጥቦ ከታች ደረቅ ከሆነ ደግሞ ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው፤ ሌሊት በቀዘቀዘው ወለል ላይ እርጥብ አየር ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል። የዚህ መድኃኒቱ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የንፋስ መግቢያ መክፈት እንጂ ኮንክሪት መሙላት አይደለም። የወለሉ ጠባይ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ፈተናውን በመሀል፣ በአንድ ጥግና በበሩ አጠገብ ማድረግ ይገባል።

አንድ የሚያሳስት ሁኔታም አለ። ዩሪያና ኤንፒኤስን የመሳሰሉ ማዳበሪያዎች ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላላቸው፣ ከረጢታቸው በባዶው ወለል ላይ ከከረመ የፈሰሰው ቅንጣት ሟሙቶ ወደ ኮንክሪቱ ይሰርጋል። እንዲህ ያለው ቦታ ደመናማ በሆነ ጠዋት የከረጢቱን ቅርጽ ይዞ፣ ጠርዙ ሳይቀር ተለይቶ፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ቀትር ላይ ንፋስ ሲያገኝ ይነጣና በጣት ሲዳሰስ የጨው ዱቄት የሚመስል ነገር ይለቃል። ይህ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ስላልሆነ ወለሉን በሙሉ ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም። ዱቄቱን በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ጠርጎ ከቤት ማውጣት፣ ቀጥሎም ቦታውን ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ማድረቅ ይበቃል። ላዩ ለስልሶ በመዶሻ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን የላላውን ክፍል እስከ ጠንካራው ድረስ ፈልፍሎ ማውጣት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ውጭውን ማስተካከል

ወደ ወለሉ ከመግባት በፊት ከቤቱ ውጭ ያለው ውሃ መላ ሊያገኝ ይገባል። በምሳሌነት የወሰድነው ቤት ጣሪያ ክፈፉን ጨምሮ 5 በ6፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናልና፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ የሐምሌ ዶፍ ከዚህ ጣሪያ ላይ 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚፈሰው በግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ በሁለቱም የጣሪያ ክንፎች አሸንዳ መግጠምና የመውረጃውን አፍ ከቤቱ ቢያንስ ሁለት ሜትር ማራቅ፣ ወይም ወደ በርሜል ወይም ወደ ጉድጓድ መምራት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። በብዙ ቤቶች ይህ ብቻ እንኳ የእርጥበቱን ትልቅ ድርሻ ያስቀራል።

ቀጥሎ የግቢውን ተዳፋት ይመልከቱ። የውስጡ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ዓመት ከዓመት የተጠራቀመ አመድ፣ ፍግና አፈር ግቢውን ከፍ አድርጎት ከሆነ ተቆፍሮ ይነሣ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መሬት በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይደልደል። ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነ ከበላዩ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከወለሉ ሥር የሚወርድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ፣ በደረቅ ድንጋይ ሞልቶ፣ ውሃው በቤቱ ጎን እንዲያልፍ ማድረግ ይገባል። የቦዩ መጨረሻ ወደ ጎረቤት ጓሮ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከወለል ጥገና ይልቅ የወሰን ጠብ ብዙ ወጪ ያስወጣል።

ወለሉን መለካትና መፈተሽ

ውጭው ከተስተካከለ በኋላ ክፍሉን ባዶ አድርገው ወለሉን በሙሉ ይጥረጉ። የከፍታውን ልዩነት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቀጭን ጎማ ይበቃል። በጎማው ውስጥ የአየር አረፋ አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በሁለቱ ጫፎቹ የቆመውን የውሃ ከፍታ በመከተል በአራቱም ግድግዳዎች ላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ምልክት ያድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ሲባጎ ወጥረው በየአንድ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ቁጥሩን እዚያው ወለሉ ላይ በጠመኔ ይጻፉ። ትልቁ ቁጥር የሰመጠውን፣ ትንሹ ያበጠውን ቦታ ያሳያል። ግንበኛው «በዓይኔ አየዋለሁ» ቢል እንኳ ጎማውን መዘርጋት አይቅር፤ ምን ያህል ሲሚንቶ እንደሚገዛ የሚወሰነው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ከዚያም በመዶሻ ጫፍ ወይም በፌሮ ቁራጭ ወለሉን በየቦታው ያንኳኩ። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ጠንካራ ነው፤ እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ሥሩ ክፍት የሆነ ወይም ቅርፊቱ የተላቀቀ ነው። በስንጥቆቹም ላይ በሁለት በሦስት ቦታ ጥቂት ጀሶ በጥብጠው ተሻጋሪ አድርገው ይለጥፉ። ጀሶው ከወራት በኋላ ተሰንጥቆ ከተገኘ ወለሉ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ሳይታከም ላዩን መድፈን ከንቱ ነው።

ጥገናው ምን ዓይነት ይሁን

ኮንክሪቱ ድፍን ከሆነ፣ የላስቲኩ ፈተና ከሥር የሚመጣ ውሃ ካላሳየና ችግሩ መወላገድ ብቻ ከሆነ ቀላሉ ጥገና ይበቃል። ያበጠውን ቦታ በስካርፔሎ (በመዶሻ በሚመታ የብረት መሮ) እየቀነሱ፣ የሚሞላውን ቦታ ደግሞ ላዩን በስካርፔሎ አቁስለው፣ ዘይትና አቧራውን አጥበው፣ ከዋዜማው ጀምሮ በውሃ ያርሱት። በሚሞላበት ሰዓት ላዩ ርሶ ነገር ግን የተኛ ውሃ የሌለበት ሊሆን ይገባል። ሲሚንቶን በውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት በጥብጠው በብሩሽ ይቀቡና ሳይደርቅ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ የሆነውን ጠንከር ያለ ድብልቅ ወዲያውኑ ይሙሉበት። የሙሌቱ ውፍረት ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊያንስ አይገባም፤ ጠርዙ ላይ እየሳሳ የሚያልቅ ሙሌት ተነሥቶ ይሄዳልና፣ በሙሌቱ ዳር ኮንክሪቱን በዚያ ልክ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይሻላል።

ከሥር የሚመጣ እርጥበት ካለና አሮጌው ኮንክሪት ካልተንቀሳቀሰ፣ አሮጌውን ሳያፈርሱ በላዩ ላስቲክ አንጥፎ አዲስ ኮንክሪት መሙላት በእኔ እምነት ለአብዛኛው ቤት የሚስማማው መንገድ ነው። ወለሉን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚያደርገው የበሩ መዝጊያ ከታች መቆረጥ ይኖርበታል፤ በአንጻሩ ግን ወለሉ ከግቢው በላይ ከፍ እንዲል ስለሚረዳ ጉዳት የለውም። ወለሉ ከተሰባበረ ወይም ጀሶው ከተሰነጠቀ ማፍረስ ግድ ነው።

በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት ያለው ሰው ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ላስቲኩ ውሃውን አያጠፋውም፤ በወለሉ በኩል መውጫ ስለሚያጣ ወደ ዳር ሄዶ በግድግዳው ይወጣል። የግድግዳው እንጨት መሬት ውስጥ የተተከለ ከሆነ ምሰሶው ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተለዋል። እንዲህ ላለው ቤት የውጭው ቦይና አሸንዳ ሳይሠራ ላስቲክ ማንጠፍ ጨርሶ አይመከርም፤ አዲሱ ኮንክሪትም ጭቃውንና እንጨቱን እንዳይነካ በዙሪያው ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ መሥራት ወይም ጥቂት ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

ላስቲክ አንጥፎ አዲስ ኮንክሪት መሙላት

የሥራው ወቅት ከእህሉ ጋር ይጋጫል፤ ለኮንክሪት ምቹ የሆነው በጋ ቤቱ በጤፍና በበቆሎ የሚሞላበትም ጊዜ ነው። መፍትሔው ክፍሉን በሁለት ግማሽ ከፍሎ መሥራት ነው። እህሉን ወደ አንዱ ወገን ሰብስቦ፣ አቧራና የውሃ ፍንጣሪ እንዳያገኘው ሸፍኖ፣ አንዱን ግማሽ በየካቲት መጀመሪያ ሞልቶ፣ ሌላውን በመጋቢት መጀመሪያ መጨረስ ይቻላል። ኮንክሪቱም በሚጠነክርበት ጊዜ እንዳሻው እንዳይሰነጠቅ በመሀሉ መለያ መስመር ስለሚፈልግ ክፍፍሉ በሌላ በኩል ይጠቅማል።

የአሮጌውን ወለል ሹል ጫፎች ሁሉ ሰባብረው ያውጡ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰመጡትን ቦታዎች ቀጠን ባለ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ሞልተው እስኪጠነክር ይጠብቁ። ላስቲኩ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ በገበያ ለአልጋና ለጠረጴዛ የሚሸጠው ስስ ላስቲክ በአካፋ ጫፍ ብቻ ይቀደዳል። ሁለት ቁራጭ ሲገናኙ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው በፕላስተር ይታሸጉ። በግድግዳው ዙሪያ ላስቲኩ ከአዲሱ ወለል ከፍታ በላይ ታጥፎ ይውጣ፤ ትርፉ የሚቆረጠው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ዳር ለሁለተኛው መደራረቢያ የሚሆን ትርፍ ላስቲክ ጠቅልሎ መተው አይዘንጋ። በላስቲኩ ላይ በባዶ እግር ወይም ለስላሳ ሶል ባለው ጫማ ይራመዱ፤ ከተቀደደ በሌላ ቁራጭ ደርበው ያሽጉት።

በላዩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ታስሮ ይዘረጋል። ፌሮው ላስቲኩ ላይ ከተኛ ጥቅም የለውም፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው የኮንክሪት ቁራጮች ከፍ ተደርጎ፣ የኮንክሪቱን መሀል እንዲይዝ ይደረግ። በመለያው መስመር ላይ ፌሮው መቋረጥ አለበት።

ለድብልቁ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ያሠሩ፤ ይህ 35 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ጠጠሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን። በዚህ ልክ ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከ7 ከረጢት ትንሽ የሚበልጥ ሲሚንቶ ስለሚያስፈልግ፣ 20 ካሬ ሜትር የሆነውን ወለል በ7 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት፣ ማለትም ለ1.4 ሜትር ኩብ፣ 10 ከረጢት ያህል ይበቃል፤ ለብክነት አንድ መጨመር ነው። የሚጋገር ወይም የተቋጠረ ሲሚንቶ ለዚህ ሥራ አይገዛ።

አሸዋው ከየወንዙ የሚመጣ በመሆኑ ጭቃው ይለያያል። በግልጽ የውሃ ኮዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አድርገው፣ ውሃ ሞልተው፣ በኃይል ንጠው ለሦስት ሰዓት ያህል ያስቀምጡት፤ በአሸዋው ላይ የተኛው የጭቃ ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ውሃው ደግሞ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነስ። ሠራተኛ አካፋው እንዲቀልለው ውሃ መጨመር ይወዳል፤ ባለቤቱ መቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው። ድብልቁ በአካፋ ሲቆለል ቅርጹን ይዞ ቀስ ብሎ ዝቅ የሚል እንጂ እንደ ሾርባ የሚፈስ መሆን የለበትም።

በግድግዳው ላይ ካለው ምልክት እኩል እየለኩ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን በአዲሱ ወለል ከፍታ ይትከሉ፤ ወደ በሩ በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ለማጠብ ይመቻል። ኮንክሪቱን ከሩቁ ጥግ ጀምረው እየሞሉ፣ በብረት ዘንግ በደንብ እየወጉና በተለይ ዳሩን እየጠቀጠቁ፣ ስታጋውን (ቀጥ ያለውን ረጅም ማስተካከያ) በጣውላዎቹ ላይ አስተኝተው ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ እያንቀሳቀሱ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ከስታጋው ፊት ሁልጊዜ ጥቂት ትርፍ ኮንክሪት መኖር አለበት፤ ትርፉ ካለቀ ከኋላው ጎድጓዳ ይቀራል። ጣውላዎቹ ሲነሡ የተዉት ቦይ ወዲያውኑ በዚያው ድብልቅ ይሞላ። ላዩ ላይ የሚወጣው ውሃ እስኪጠፋ ጠብቀው በእንጨት ማለስለሻ ያስተካክሉ። ውሃውን ቶሎ ለመምጠጥ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ላዩን ሳሳና ተሰንጣቂ ያደርገዋል፤ ለእህል ቤት እንደ መስታወት የሚያበራ ሊሾ አያስፈልግም። በመጨረሻም እያንዳንዱን ግማሽ እኩል የሚከፍል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የጠለቀ መስመር ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ያውጡ።

የዋልካ መሬት ሲሆን

በደጀንና በቢቸና አካባቢ እንደሚገኘው ባለ ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ የቆመ ቤት ጉዳዩ ይለያል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህ እንቅስቃሴ ላይ የተነጠፈ ስስ ኮንክሪት አይቆይም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል የሚበዛው ቀይ አፈር እንዲህ አይጫወትም። በዋልካ ላይ አሮጌው ወለል ፈርሶ፣ አፈሩ ቢያንስ እስከ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ ይወጣል፤ በመሠረቱ ሥር ግን አይገባም፣ በግድግዳው አጠገብም በአንድ ጊዜ ረጅም ቦታ አይከፈትም። ጉድጓዱ በማያብጥ ቀይ አፈር ወይም በሰሌክት (ለሙሌት በተመረጠ ጠጠራማ አፈር) በየ15 ሴንቲ ሜትሩ እየረጠበ ይጠቀጠቃል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ተደርድሮ፣ ክፍተቱ በጠጠር ተሞልቶ፣ ላስቲኩን እንዳይወጋ ስስ አሸዋ ይነጠፍበታል። ከዚያ ላስቲክ፣ ፌሮና 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ከላይ በተገለጸው መንገድ ይከተላሉ። ኮንክሪቱ ከግድግዳው ጋር እንዳይያያዝ በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ወይም ካርቶን ጣልቃ ይግባ።

ማጠጣትና ማድረቅ

የበጋ ፀሐይና ንፋስ ኮንክሪቱን ከላይ ፈጥኖ ያደርቀዋል፤ ያኔ ላዩ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። በማግስቱ ጀምሮ በረጠበ ጆንያ ሸፍነው ለሰባት ቀን፣ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ሳይደርቅ ያቆዩት። ወደ ጮቄ ከፍታ በተጠጉ ደጋ ቀበሌዎች ሌሊት ውርጭ ስለሚኖር በጆንያው ላይ ጭድ መጨመር ተገቢ ነው።

መጠንከርና መድረቅ ግን አንድ አይደሉም። ከሥሩ ላስቲክ ያለው ኮንክሪት ውሃውን የሚያስወጣው በላዩ በኩል ብቻ በመሆኑ፣ ውሃ ማጠጣቱ ከቆመ በኋላ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይደርቃል ተብሎ ይታሰባል፤ እየወፈረ ሲሄድም ይዘገያል። ለ7 ሴንቲ ሜትር ወለል ከሁለት ወር በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከመጋቢት መጀመሪያ ያለፈ ሥራ ሰኔ ሳይደርቅ የሚይዘውም ለዚህ ነው። የላስቲኩን ፈተና ደግመው ጠብታ ካላገኙ በኋላ ጆንያውን መመለስ ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን እህሉ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ፤ በመካከሉ ሰው አልፎ አይጥና ሻጋታ መኖሩን የሚያይበት መተላለፊያ ይኖራል። ማዳበሪያው ደግሞ ከእህሉ ተለይቶ፣ በሌላ ርብራብ ላይ፣ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎለት ይቀመጥ።